ፉጨቱ ወዴት ነው

ከወይን ሐረጉ ሥር፣ ኮፈኗን ከፍታ፣
ነጯ ኒቫ ቆማለች ከጠዋት እስከ ማታ።
ትናንት ዳገቱ ላይ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ፣
ከነወይናችን ቀረች።
ጎረቤታችን ስፒሪዶን በትራክተሩ ስቦ
ደጅ ድረስ አመጣልን፣
ኪራዩን በሁለት ቅርጫት ወይን አስቦ።

አባቴ ቫርላም ካንዴላዎቹን ፈታ፤
ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው።
ሌሎቹ የሸክላ መልክ አላቸው፣
የሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ዘይት ያራሰው።

ረጅም ካቻቢቴ በቀዳዳው ሰደደ፣
ሞተሩን በትልቅ ኪያቤ አዞረ፤
ካቻቢቴው ወጣ፣ ወጣ፣
ከዚያ ማመንታት ጀመረ።
«ጫፍ ላይ ነው» አለ፣
ፒስተኑ እንዳይሸሽ ማርሽ አስገባ፣
ለጎማው ድንጋይ አቀበልኩት።

ከሞተ ፍሪጅ ሆድ ያወጣው ኮምፕሬሰር
እንደ ታመመ ድመት አጉረመረመ።
የመጀመሪያው ሲሊንደር፦ ሰባት ሰጥተነው ስድስት ተኩል።
ሁለተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ስድስት።
በየመሐሉ ማዞር፣ መለካት፣ እንደገና ማዞር፤
ፀሐይ ከዘይቱ ጣሳ ወደ አጥሩ ተሻገረች።
የሦስተኛው ጌጅ ግን ወደ ሦስት ወረደ፣
ነውሩን እንደነገሩት ሰው
አንገቱን ደፍቶ እዚያው ቀረ።

«ነፋሱ የሆነ ቦታ ይወጣል» አለ አባቴ።
«በየት በኩል? አንቺ ንገሪኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
የአባቴማ ባዳነቱም ቀርቶ አገር ጥሎ ሄዷል።
ሃያ ስድስት ዓመት በብረት ማቅለጫው፣
ከእሳቱ ግሣት ፊት ሲቆም፣
እቶኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ ወስዶታል።
አሁን ከንፈሬን ያነባል፤
ስናገር ፊቴን ማዞር አልችልም፣
ስዋሽም።

የጎማ ቱቦ ቆርጦ ሰጠኝ፣
አንዱ ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላው እየዞረ የሚጠይቅ።
የካርቡራተሩ አፍ፦ ዝም።
የጭስ ማውጫው፦ ዝም፤
እሱም መዳፉን በምራቁ አርሶ ጫፉ ላይ ያዘ፣
ቅዝቃዜ ፈለገ፣ አጣ።
የራዲያተሩ ውሃ አንድ አረፋ እንኳ አልተነፈሰም፣
ደመና ተኝቶበታል።
የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ።

እዚያ ነበር።

ፊቴን አይቶ አወቀ። ቢሆንም ጠየቀኝ፦
«ምን ይመስላል?»
አሥራ አንድ ዓመት ሹክሹክታ ላልሰማ ሰው
ፉጨት በምን ይነገራል?
«እባብ» ልል ነበር፣ እባብን በዓይኑ ብቻ ነው የሚያውቀው።
«ቆርቆሮ ላይ ዝናብ» ልል ነበር፣ ይኼ ከዚያ ይቀጥናል።
ድንገት ትዝ አለኝ፦ ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ በጥቅምት፣
አፈር ውስጥ በተቀበረው ጋን አፍ ላይ አስጎንብሶኝ፣
አዲሱ ወይን ሲፈላ፣
«ስሚው ማክቫላ፣ ያወራል» ያለኝ።
«እንደ ጋኑ» አልኩት፣ ቃሉን በከንፈሬ አስፍቼ፣
«በሦስተኛው ቀን እንደሚለው።»

ሳቀ። የሞተሩን መርዶ ያላረዳሁት ይመስል ሳቀ።

ከዚያ በስሪንጅ ጥቂት ዘይት በቀዳዳው አንጠባጠበ፣
እንደገና ነፋስ ለቀቀ፤ ጌጁ ወደ አምስት ወጣ።
«ቀነሰ?»
«ቀነሰ።»
«እንግዲያ ፋሻው ነው።»

ፋሻው ነው፦
ፒስተኑን የሚጠመጥመው፤ ቁስልም በስሙ ይታሰራል።
አልቆ፣ ሳስቶ፣ እስትንፋሱን መያዝ አቅቶት።
ይኼ ማለት ቴስታታውን ማውረድ፣ ክረምቱን በሙሉ፣
ወይኑንም በሰው ትራክተር፣ ዋጋውንም በሰው አፍ።

ኮምፕሬሰሩን ላጠፋ ስነሳ ክንዴን ያዘኝ።
መዳፉን የዘይቱ ቀዳዳ ላይ ዘረጋ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣
ቀጭኑ ነፋስ የጣቶቹን ጸጉር ሲነካካ።
«ሦስተኛው ቀን» አለ፣
«ጣፋጩ ገና አላለቀም።»

በአጥሩ በኩል ስፒሪዶን «ተገኘ ወይ?» ብሎ ጮኸ።
የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።
መልስ አልሰጠሁትም።