እንደ አምባዛ

በአሥራ አንደኛው ሌሊት፣ ነጋ አልነጋ ስል፣
ልጄ በራበው ቁጥር፣ እኔ ነኝ የምቆስል።
ገና ስም የለውም፤ አርባው አልሞላለት፤
ድዱ ጥርስ አላበቀለ፤ ከየት አመጣ ስለት?

አንሶላውን ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ እቆጥራለሁ፤
«ሃያ ላይ ይቀላል» ሲሉ ሰምቻለሁ፤
አርባም ቆጥሬ አየሁ።
አልቀለለም። አለሁ።

የቀኙ ጫፍ ተሰንጥቋል፣ ሐይቁ ሸሽቶ እንደተወው፣ እንደ ግንቦት ጭቃ፤
የግራው ከአፉ ሲወጣ ነጥቶ፣ ተጨፍልቆ፣
ባንድ ጎኑ ሾሏል፣ አፍንጫው እንደ ታንኳ።

እማማ ጥጌ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ፤ «ቀቢው» አሉ፤
«ዓይን ነው» አለች አንጓች፤
አማቴ፦ «እኔም ደምቻለሁ፤ ቻዪው እንደ ሁሉ።»
ባሌ ከጀልባው ገብቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የጣሳ ወተት ልግዛ?» አለኝ።
ደግነቱ ነው የገደለኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሽምብጥ ጤና ጣቢያ፣
ሲስተር ትብለጥ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ።
ጡቴን አይደለም መጀመሪያ ያየችው፤ የልጁን አፍ ነው።
«የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነኝ» አለች፤ «በዓሣ ልንገርሽ፤
ቆሮሶ ጫፍ ጫፉን ነው ለቀም የሚያደርግ፤
አምባዛ ግን አፉን በርግዶ ነው የሚጎርስ።
ያንቺው ቆሮሶ ሆኖብሽ ነው፤
ነይ፣ አምባዛ እናድርገው።»

ስፌቴ እየቆነጠጠኝ ሳቅሁ።

ሆዱን ከሆዴ አጋጠመች፤ አፍንጫውን ከጫፉ ትይዩ፤
ከንፈሩን ነካ፣ ነካ… «ገና ነው፤ አትቸኩዪ።»
እንደሚያዛጋ አፉ ሲሰፋ፣ «አሁን!» ብላ አስጠጋችው፤
ጥቁሩን ክብ ጭምር ጎረሰ፤ አገጩ ጡቴ ውስጥ ገባ።

አንድ አልኩ። ሁለት። ሦስት።
ከአምስት በኋላ መቁጠሩን ረሳሁት፤
ጉሮሮው ሲውጥ፣ ጉልቅ፣ ጉልቅ፣ ሰማሁት።

በአንድ ቀን አልዳንኩም።
«ሲያምሽ አትጎትቺው» ብላኝ ነበር ስትወጣ፤
«ማርያም ጣትሽን በከንፈሩ ጥግ አስገቢ፣ ይለቅሻል።
ቅቤው ይቅር፤ የራስሽን ወተት ጠብታ ቀቢና አናፍሺው።
ከቀላ፣ ካተኮሰሽ ግን፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»

ትናንት ሌሊት እንደገና ቆሮሶ ሆነ።
ጣቴን አስገባሁ፣ አላቀቅሁት፣ ጮኸ፣
ጠበቅሁት። አፉ ሰፋ።
በመስኮቱ፣ ከሐይቁ በኩል፣ የጀልባ ሞተር ተነሣ፤
የባሌ መሆኑን ለየሁት፤
ድሮ በዚያ ሰዓት የማውቀው የራሴን ለቅሶ ነበር።

ራሱ ጠግቦ ለቀቀኝ። አየሁት ጫፉን፦ ክብ ነው።
ቁስሉ አለ፤ ግን ክብ ነው።

ለክርስትና ስሙ ሃያ ስድስት ቀን ይቀረዋል፤
አማቴ የቅዱሳን ስም ትመርጣለች፤
እስከዚያ ግን፣ በእኔና በእሱ መሃል፣
አምባዛ ይባላል።