ብር ከሰባ አምስት

ኦብሳ ዛሬ ጠዋት ኮፒ ቤቴ መጣ፣
ከፌስታሉ ውስጥም አንድ ወረቀት አወጣ።
«የአያቴ ሜኑ ነው፣ የለገሃሩ ቤት፣
ላዲሱ ምግብ ቤቴ ይሁነኝ ጌጥነት።
አሳምረሽ አትሚው፣ ወዙን አጥፊልኝ፣
ትንሽ ደግሞ… አሮጌ አስመስይልኝ።»

ሃምሳ ዓመት ያረጀን እንዴት ነው የማስረጀው?
ሳቄን ዋጥ አደረግሁ፣
መስታወቱ ላይ አስተኛሁት።

ከላይ «ናዝሬት» ይላል።
ጎኑ ላይ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ «አዳማ»።
የታይፑ «ፓ» ተሰብሮ ኖሮ
ቤቱ ፓስታ አያውቅም፤ «ባስታ» ነው የሚያውቀው።
ስባጌቲ በስጎ፣ ሰባ አምስት ሳንቲም።
ሚኔስትሮኔ ከዳቦ ጋር፣ ሽልንግ።
የቆቃ ዓሣ ጥብስ፣ ረቡዕና ዓርብ።
ባባያ በወንጂ ስኳር፣ ስሙኒ።
ከሁሉ በታች፣ በትልቁ፦
«ክቡር ደንበኛ ሆይ፣ ሹካ አይወሰድም።»

ዋጋው ተሰርዟል፣ በእርሳስ ተደግሟል፣
በቀይ ቢክ ታርሟል፣ በፕላስተር ታሽጓል፤
በጥፍሬ ባነሳው ከሥሩ ሌላ አለ፣
ከሌላውም ሥር ሌላ።
ኮተሌት አንድ ብር። ኮተሌት ሁለት። ሦስት።
ከዚያ «የለም»።
ዓሣም «የለም»፣ ቅቤም «የለም»፣
ስኳር ያለበት መስመር ሁሉ «የለም»፤
ምስር ብቻዋን በቀይ ተከባ የቀረችበት
አንድ ዘመን ነበር። ስሙን እኔ አልጽፍም፤
የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ያደገ
ከፕላስተሩ ውፍረት ያውቀዋል።

ጥጉ ላይ የስጎ ጠብታ፤ አጎላሁት፤
ጠብታ አይደለም፣ አውራ ጣት ነው፣
መስመሮቹ እንኳ ይቆጠራሉ።
«ወዙን አጥፊልኝ» ብሎኛል ባለቤቱ።
እጄ አይጡ ላይ ቆመ። ገለበጥሁት።

ጀርባው ዱቤ ነው፣ በኮፒያ እርሳስ፦
«ሲሳይ ፍሬናቶሬ፣ 2 ሻይ፣ ከፍሏል።
ዑመር በርበሬ ተራ፣ ዱለት፣ ሰኞ ብሏል።
የወንጂው ሆላንዴ፣ 4 ቢራ፣ አገሩ ገባ።
ደርበው ሚዛን፣ 2 ስባጌቲ፣ 1 ባባያ፣ 2 ማንኪያ።
ብር ከሰባ አምስት። አልከፈለም።»

ደርበው ሚዛን አባቴ ነው።
የባቡሩን ጭነት ሲመዝን የኖረ፣
ሽምብራ ቆሎውን በኪሱ ቋጥሮ የዋለ፣
«ሆቴል መብላት ማለት ብር ማላመጥ ነው» ያለ፤
በዚያ በር ስናልፍ እጃችንን ይዞ
መንገድ ያሻግረን ነበር፣ ሁልጊዜ፣ በፀሐዩ በኩል።
ስስት ነው ብለን ነበር። አምተነዋል፣
ተዝካሩ ላይ ሳይቀር።

አንድ ፓፓያ። ሁለት ማንኪያ።

ደወልሁ ለእናቴ።
«እማዬ፣ ፓፓያ በስኳር በልተሽ ታውቂያለሽ?
ከአባዬ ጋር፣ ለገሃር?»
ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል፤
ሰው ይስቃል እዚያ።
«ፓፓያ ሆዴን ይነፋኛል» አለች።
ቆየችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ማን ነገረሽ?»
እኔም እዚያ ላይ ተውሁት።
የነገረኝ ወረቀት፣ የጠየቅኋት እናቴ፤
መልሱ የሁለተኛዋ ማንኪያ ነው።

ኦብሳ አመሻሽ ላይ መጣ፣ አየ፣ ወደደው።
«ባስታን አላረምሽውም» አለ።
«አልታረመም» አልሁ።
«ይሄስ ጥጉ ላይ…?»
«አሮጌ አስመስይው ብለኸኝ የለ?»
ሳቀ። ሒሳብ ጠየቀ።
ሦስት መቶ ሃምሳ ነበር፤
ሦስት መቶ አርባ ስምንት ከሃያ አምስት ጻፍሁ።
«ይህቺ ሳንቲም ምንድን ናት?»
«የቆየች ሒሳብ ናት፣ ከአያትህ ጋር።»
ያበድሁ መሰለው፤ ቢሆንም በስልኩ ላከ፤
ቴሌብር ሳንቲም አይንቅም፣
ሃያ አምስቷም ገባች።

ነገ ፊቱን ሰው ያየዋል፣
ጀርባውን ግድግዳው።
በአዲሱ ቤት ፓፓያ የለም፤ ጠየቅሁት፣
«ማን ይበላዋል?» አለኝ።