ያልተቀባ ሳንቃ

ታርቱ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ሰፈር፣
መንገዱ ሁሉ በጓሮ አትክልት ስም ከሚጠራበት መንደር፣
ከባቄላ መንገድ ማብቂያ፣ ከሄልቬ ቤት በስተጀርባ፣
አንድ አጥር አለ፤ ሌላው አረንጓዴ፣ አራት ሳንቃ ያልተቀባ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ግንቦት በባተ በሳምንቱ፣
ጎረቤቷ ኡርማስ ቀለም በጥብጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከጠዋቱ፣
ሲቀባ ሲቀባ ቆይቶ፣ ሊጨርስ አራት ሲቀረው፣
ሄልቬ በአንድ እግር ጫማ ወጥታ፣ ጮኻ አስደነገጠችው፦
«ተው፣ አትንካ! ሰው አለበት!»

ሰው አልነበረም።
አምና በመጸው እናት ሸረሪት ሸምና የተወችው፣
ወንዙ ግግር በረዶ ሲሆን ማንም ዞሮ ያላየው
ቢጫ የሐር ከረጢት ከስንጥቁ ሥር ተተርትሮ፣
የሰናፍጭ ፍሬ የሚመስል ነገር ወጥቶ፣ ተቋጥሮ፣
በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል።
እፍ ሲሉት ይበተናል፣
ዝም ሲሉት
ቀስ ብሎ፣ እንደ ተቆጣ ሕፃን፣ ይሰበሰባል።

ሄልቬ የዳቦ ፋብሪካ ሒሳብ ያዥ ነበረች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ኩንታል ዱቄት ቆጠረች።
በርጩማ አወጣች፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማጉሊያ መነጽር።
የመጀመሪያው ቀን፦ ሁለት መቶ አሥር።
በማግሥቱ፦ መቶ ዘጠና።
በሦስተኛው ቀን ሁለት መቶ አርባ ሆኑና
ሒሳቡ አልዘጋ አላት።
በዕድሜዋ በዓምድ ውስጥ ጽፋ የማታውቀውን ቃል
ያን ዕለት ጻፈች፦
«ብዙ።»

ዝናብ ሲመጣ ቁራጭ ቆርቆሮ ከላያቸው ቸነከረች።
«ለሸረሪት ጣራ!» ብሎ ኡርማስ ሳቀ፤ አልመለሰችም፣ ዝም አለች።
ማታ ግን እሱም መጣ፣ «መዶሻዬን እዚህ ረሳሁ» እያለ።
መዶሻ አልነበረውም። ተንበርክኮ አየ፤ ቆየ፤ አመሸ፤ ዋለለ።

አንድ ቀን አንዷ ትንሽ ሌላዋን ትንሽ ስትበላት
ሄልቬ ደብተሯን ዘጋች፤ እራትም አላሻት።
በነጋው ተመልሳ ከፈተችው።

ቆዳቸውን ጥለው ትንሽ ጠቆር አሉ።
ከዚያ አንድ የሞቀ ጠዋት፣ ነፋሱ ገና ሳይበረታ፣
ከሳንቃው ራስ ወጥተው፣ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሁሉ፣
ጀርባቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ክር ለቀቁ፤
ክሩ ሳባቸው፣
ሄዱ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ የነገራቸው የለም፤
እያንዳንዷ በየራሷ ክር፣ አንዷ ለሌላዋ ዞር ሳትል፣
በድንቹ ማሳ ላይ፣ በካሮቱ ላይ፣ በኡርማስ ጣራ ላይ፣
ብርሃን ሲነካቸው ብቻ እየታዩ፣ ሳይነካቸው እየጠፉ።

ሄልቬ ሦስት ልጆች አሏት፤
አንዱ ታሊን ነው፣ አንዱ ኦስሎ፣ የአንዷን ስም አታነሳም።
ያን ጠዋት ስለ እነሱ አላሰበችም።
አስባም ከሆነ ለኡርማስ አልነገረችውም።
ቆርቆሮውን ነቀለች፤ ምስማሩን በኪሷ ከተተች፤
ሽንኩርቱን ልትኮተኩት ሄደች።

በነሐሴ ከአጥሩ በር ላይ አንድ ድር ተዘረጋ፤
መሀሉ ላይ ምስር የምታክል፣ በጀርባዋ ነጭ መስቀል ያላት።
ሌሊት ድሯን ትበላለች፣ ትሠራለች ሳይነጋ፤
ፖስታ አዳይዋ ካይዲም ለምዳ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፋት።
ከእኛዎቹ ትሆን? ማን ያውቃል። ደብተሩ ላይ ግን
ከ«ብዙ» በታች ተጽፏል፦ «አንድ፣ ምናልባት።»

ቅጠል ሲረግፍ ኡርማስ ቡሩሹን አለስልሶ መጣ።
«እንግዲህ ልጨርሰው?»
ሄልቬ አልመለሰችለትም። የሌባ ጣቱን ይዛ፣
ጎንበስ አድርጋ፣ ከስንጥቁ ሥር አስነካችው፤
ለስላሳ፣ ቢጫ፣ አዲስ። የየቷ እንደሆነ አልታወቀም።
የቀለሙን ክዳን መለሰው።
ማካፋት ጀመረ።
«ቆርቆሮዋ የት ነበረች?» አላት።