የሦስት ቁልፍ ቤት

ያጎቴ የአንማው ቁልፍ፣ ክንድ ያህላል ርዝመቱ፣
ካንገቱ አይወርድም፤ ሲተኛም ከደረቱ።
የደሴቷ ዕቃ ቤት፣ ብራናው፣ ጻሕሉ፣ ዘውዱ፣
በሦስት ቁልፍ ነው እንጂ አይከፈትም ባንዱ፤
አንዱ ከገበዙ፣ አንዱ ከመምሩ ጋር፣
አንዱ አጎቴ አንገት ላይ፣ ከማተቡ ክር።
አንዱ ካንዱ ቢጣላ፣ ወይም አንዱ ቢታመም፣
ቤቱ ዝግ ነው ያን ዕለት፤ ንጉሥ ቆሞ ቢለምንም።

እኔ ግን አልገባሁም። «ሴት አትረግጥም» አሉኝ፤
ወደቡ ላይ፣ ታንኳው ውስጥ፣ ከደንገሉ ጋር ተዉኝ።
ሰባት ዓመቴ ነበር። አልቅሻለሁ መሰል።
ዛሬ በር መዝጋት ሙያ ሆኖ፣ በወር ስከፈል፣
«ፈቃድ የለዎትም» የሚል ቃል ስጽፍ ለማሽን፣
ያቺ ታንኳ ትመጣና ትነካኛለች ጎኔን።

ከፖሊ ተመርቄ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ ስልክ ጠገንኩ፤
ግሽ ዓባይ ሠፈር፣ ዣንጥላ ሥር፣ ሲም ካርድ ሸጥኩ።
ሰዎች የምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሲነግሩኝ
(የልጅ ልደት፣ የሠርግ ዓመት፣ አራት ዜሮ)
ፊቴን አዞርኩ።
ይኸው ነው የሙያዬ መጀመሪያ፤
ፊት ማዞር፣ የሰው ጓዳ ሲታይ ያለ መጋረጃ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ሌሊት ሌሊት አጠናሁለት።
አንዴ ወደቅሁ በዕውቀት፣ አንዴ ወደቅሁ በመብራት፤
ሦስተኛው ላይ አለፍኩ፣ በጎረቤት ጄኔሬተር ምሕረት።

አዲስ አበባ ያሉት ቀጣሪዎች በካሜራ ጠየቁኝ፤
ከላይ ኮት፣ ከታች ነጠላ ጫማ ነበርኩ።
«ገንዘብ የሚያዘውን ቁልፍ ለማን ትሰጫለሽ?»
«ለሦስት ሰው» አልኩ፤ «እርስ በርስ ባይዋደዱ ይመረጣል።»
ሳቁ። ቀጠሩኝ።

እናቴ ሐይቁን እያየች፣ «ደመና ነው የምትጠብቂው?
ያንን ነጩን ነው ወይስ ይኼን፣ ዝናብ ያዘለውን ጥቁሩን ነው?»
«እማ፣ ሕንፃ ነው፤ ሩቅ አገር፤ ማሽን የሞላበት።»
«ታዲያ ለምን ደመና አሉት?»
እኔም ጠይቄ አላገኘሁለት።

ሰኔ ውስጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ስልኬ ጮኸ፤ ቁልፍ ወድቋል ሜዳ ላይ፣ እንደ ሳንቲም ሲያበራ።
እንዳላማው ነው፣ አዲሱ ልጅ፣ ከኮድ ጋር የላከው፤
ዓርብ ማታ፣ ሊወጣ ሲል። ዓርብ ማታ ማን ሰው ነው?
አንድ የማላውቀው እጅ ቁልፉን ይዞ፣ በር በበር
ይሞክራል፤ ሳይቸኩል፤ እንደ እንቦጭ፣ ሥር በሥር።
እንቦጭ የነቀለ ያውቃል፤ አበባው ደስ ይላል፤
አንድ ቁራጭ ከቀረልህ፣ ሐይቅህን ይለብሳል።

ቁልፉን ገደልኩት። አዲስ ቀረጽኩ። መዝገቡን ዘረጋሁ፣
ምስር እንደምትለቅም ሴት፣ አጎንብሼ አነጋሁ።

እንዳላማው ደወለ። «ሥራ ልልቀቅ?» አለኝ።
«ተኛ» አልኩት። «ቁልፍ መጣል የሰው ነው።
ባንድ ቁልፍ የሚከፈት ቤት የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።»
ቶሎ ይድረስ ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ነበር።
እኔ! ሦስት ቁልፍ እያየሁ ያደግሁት።

ሲነጋ ወደ ውኃው ወረድኩ። ወይዘሮ ጥሩሰው
ቆሮሶ ደርድራለች፤ ስልኳ ከጉያዋ ነው።
«አንብቢልኝ እስቲ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ገባ ወይ የሆቴሉ?»
«አራት ሺህ ሦስት መቶ» አልኳት፣ «ገብቷል ሙሉው በሙሉ።»
ቁጥሯን ልትጫን ስትል፣ እንደ ልማዴ፣ ፊቴን አዞርኩ።
«ምነው፣ አልተኛሽም? ምን ሆነ?»
«ምንም አልሆነም» አልኩ።
ደግሜ ለራሴ አልኩት። ምንም አልሆነም።
ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁት ይህችን ቃል ነው።

ማዶ ደሴቷ ከጉም ወጣች፣ ቀስ እያለች።
ሦስት ሽማግሎች እዚያ፣ ቁልፋቸውን አንጠልጥለው፣
ይኼኔ ተኳርፈው ይሆናል።