እስከ ክርን

በታውንስቪል ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይጸና፣
ከመዋኛው አፋፍ ግሌኒስ ጎንበስ አለችና
ጠርሙሷን ደፍታ አጠለቀች፣ እስከ ክርኗ።
«ላይ ላዩ ይዋሻል፣ ከሆዱ ነው እውነቱ»
ይላት ነበር መርቪን፣ ሳይጥለው ደረቱ።

አምስት ጠብታ። ነቀነቀች። ከካርዱ አስተያየች፤
ቢጫው ሳስቷል ዛሬ። ደግማ ቀድታ አየች።

ዝናብ አልጣለ፣ ቅጠል አልረገፈ፣
ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ውሃ ማንም አልተንሳፈፈ፤
ክሎሪኑን ታዲያ ማን በላው?
ገላ ነው የሚበላው።

ቀና አለች። ከአጥሩ ማዶ፣ በዳርሲ ገመድ ላይ
ቁምጣ ያንጠባጥባል፣ ሳይዘንብ ከሰማይ።

ከደብተሩ ጻፈች፦ «ክሎሪን፣ ዝቅ ያለ»፤
ከምክንያቱ ረድፍ ግን እርሳሷ ዘለለ።
የጎደለውን ሞላች፣ በስኒ ሰፍራ።
ሲመሽ፣ ከወንበሩ ላይ፣
የመርቪንን ፎጣ ተወች፣
ደረቅ፣ አጣጥፋ።