ሁለት ጣት ትርፍ

ሐረጎን ስወጣ፣ ጉሙ መንገድ በልቶ፣
ሚኒባሱ አዝግሞ፣ ሾፌሩ አፉን ዘግቶ፣
ያባቴን ኮት ይዤ በቢጫ ፌስታል
(አርባው ካለፈ ወዲህ ሳጥን ውስጥ ነበረ፣ ናፍታሊን ይሸታል)
ደሴ ገባሁ።

"አዲስ ግዛ" ብለውኝ ነበር። "ሠርግህ ደርሷል፣
ሬዲሜድ በየሱቁ ሞልቷል።"
ሞከርኩት። መስታወት ፊት ቆምኩኝ።
ልብሱ ሰው መሰለ፣ እኔ መስቀያ መሰልኩኝ።

ከፒያሳ ወረድ ሲል፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
በረንዳ ላይ አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣
አንድ ጋሽ እብሬ ሙሄ።
መነጽሩን በክር አስሮ፣ ኮቱን ከፌስታል አውጥቶ
ፊቱን አላየውም። ገለበጠው።
"ፊት ለገበያ ነው" አለ፣ "ፊት ለሠርገኛ፤
ገበሩን ነው እንጂ የሚጠይቅ ዳኛ።"

ደረቱን በጡጫው ጨበጠ፣ ለቀቀው፤
ጨርቁ ተንፈስ ብሎ ወደ ቦታው ሄደ።
"ሙጫ አልነካውም። በመርፌ ነው፣ በመርፌ።"
በሌባ ጣቱ ወረደ ስፌቱን ተከትሎ፣
ብብቱ ሥር ሲደርስ ቆመ፣ አንገቱን አዘንብሎ፦
አንዲት ነጭ ነጥብ፣ አግድም የተወጋች፣
ከጤፍ የማትበልጥ፣ ለፈላጊ እንጂ ላላፊ የማትታይ።
"ይቺ የኔ ናት። ስም አልጽፍም ነበር።
የማን ነህ?"
"የአበጋዝ።"
"የጨርቃ ጨርቁ አበጋዝ? አለ?"
"የለም።"
ካውያውን ካመዱ አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።
"አብሽር" አለ፤
ለእኔ ይሁን ለኮቱ አልለየሁም።

አባቴ ዕድሜውን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጣቃ ሲሸከም፣
በሺ ሜትር ጨርቅ መሃል ሲደክም፣
የነበረው ኮት አንድ ነው፦
ለሠርግም፣ ለሐዘንም፣ ለፎቶም፣
ውጤት ለሚሰጥበት ለኔ ትምህርት ቤት ቀንም።

ጋሽ እብሬ ምላጩን በጥፍሩ ሞከረው።
የጎኑን ክር አንድ ባንድ፣ እያባበለ በጠሰው።
ተከፈተ።
ውስጡ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ፣ ታጥፎ፣
ፀሐይ ሳያየው፣ ብሩሽ ሳይነካው ዐርፎ፣
ሰማያዊ።

እኔ የማውቀው ኮት አመድማ ነበረ።
እናቴ "ሰማያዊ ነው" ባለች ቁጥር፣ ዓይንሽ ደክሟል እያልኩ ስንቴ ነገር ከረረ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውነቷ እዚህ ነበረ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ተውከው?"
"ሌላው ቆርጦ ያነሣዋል፣
ከቁራጩ የልጅ ሰደርያ ሰፍቶ ያተርፋል።
የኔ ትርፍ ግን እዚያው ውስጥ ነው የሚቀመጥ።
ሰው ሲለካ ትንፋሹን ይውጣል፣ ቀጥ ይላል፤
ደጅ ሲወጣ ይለቀዋል። ይበላል። ይወልዳል።
በተለካበት የሚቀር ሬሳ ብቻ ነው።"

ኮቱን አለበሰኝ። በመዳፉ ግራ ትከሻዬን ጫነ።
ጠመኔው ከጣቱ አልወረደም። ቆየ።
"እዚህ ሥር ሁለት ድርብ አለ፣ በቀኙ አንድ ብቻ።
አባትህ ዝቅ ይል ነበር በዚህ አቅጣጫ፣
ከጣቃው ነው።
ለማንም አልነገርኩም። ለሱም።"

በፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው አባቴ፣
ጎረቤት "እንደ ምሰሶ" የሚለው አባቴ!

"ላወጣው ነበር" አለ። "ትቼዋለሁ። አንተም ታዘነብላለህ።"
ምን ተሸክሜ? እኔ ወንበር ላይ ነው የምውል።

ሐሙስ ተመለስኩ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን
አንድ ባንድ በእጁ እንደገና ጠልፏቸው፣
ጥርስ በጥርስ፣ ጥግግት አርጓቸው።
ለበስኩት። መስታወት አላቀረበልኝም፤
እኔም አልጠየቅኩም።
"አንዱን ጣት ፈታሁት። አንዱ ግን እዚያው ነው።"
"ለማን?"
የክሩን ጫፍ በምላሱ አርጥቦ
መርፌውን ወደ ብርሃን አነሣ።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጉሙ ተገልጦ ነበር።
አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቴን ነካ አርጎ፣
"ወንድም፣ ኮቱን ገልብጠህ ይዘኸዋል" አለኝ።
"አውቃለሁ" አልኩት።