መሪ

ቦዝቡሩን ወደብ ላይ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር፣
ያቩዝ የሚሏት ጀልባ ተገትራለች በእስር።
ስሟ የወንድ ነው። አባትየው ሲጠርባት፣
ለሚወለድ ልጁ፣ ለወንዱ አስቧት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ እንጨቱን አለዘበ፤
ቀለም ቀባ፣ ስም ጻፈ፣ ወራሽ አሰበ።
የመጣችው ግን ቢንናዝ ነበረች።
ስሙን አልፋቀችም። ጀልባዋን ወረሰች።

እኔ ነዚሄ ነኝ፣ ከኤስኪሸሂር፣
ባሕር ከማያውቀው፣ ከግብር ቢሮ ሰፈር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም የመታሁ፣
ከገንዳ የጠለቀ ውሃ ስሸሽ የመጣሁ።
እህቴ ናት ያለችኝ፦ «ሴቶች ብቻ ናቸው፤
ባልም የለ፣ ወንድምም፣ ሻይ ላምጣ የምትያቸው።»

ቢንናዝ ጫማችንን ቅርጫት ውስጥ ከተተች፣
«እንጨት ተረከዝን አይወድም» እያለች።
ጡረታ የወጣች ዳኛ፣ ሙኬሬም የምትባል፣
ሐብሐብ ስትከፍል እንኳ ፍርድ ይመስላል፤
ከካይሴሪ የመጣች የሙሽራ ልብስ ሰፊ፣
«ይሄ ባሕር ስንት ሜትር ነው?» ባይ ለፍላፊ፤
መንታ እህትማማቾች፣ ካኩረፉ ዓመት የሞላቸው፣
ቋጠሮ ሲማሩ ነው አንድ ቃል የወጣቸው።
አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች፣ ምንም ያልተናገረች፣
ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ዝም ብላ የዋኘች።

ቢንናዝ ቃል አታበዛም። ገመድ እጄ ላይ ጣለች፤
«እሰሪ። ፍቺ። እንደገና እሰሪ» አለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ብቻ የያዘ ጣት
ቀይ ሆኖ ነደደ፤ ደስ አለኝ፣ አላውቅም በምን ምክንያት።

ከዚያ ሞተሩን አጠፋች።
ያን ጸጥታ ምን ብዬ ልንገራችሁ?
ሸራው አንድ ጊዜ ተርገበገበና ሞላ፤
እንጨቱ እንደ አሮጊት ጉልበት ሲጥጥ አለ በኋላ።

ፋዲሜ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ሽንኩርቷን ትታ ውሃ ገባች፣
መዳፏን ከጀርባዬ ሥር ዘርግታ ያዘች፤
«ዕቃ አይደለሽም፣ አትሰምጪም፤ ሆድሽን ልቀቂው» —
ሆድሽን ልቀቂው! ስንት ዓመቴ ነው ስደብቀው?
ቀና ስል ሰማይ ነበር፣ ጆሮዬ ውስጥ ባሕር፤
መዳፏ መች እንደለቀቀኝ ለእኔም ምስጢር።

በሦስተኛው ሌሊት ነፋሱ ዞረብን፣
መልህቁ ከአሸዋው ተነቅሎ ጎተተን።
ጨለማ። ዓለት በግራ። የፋዲሜ ድስት ተንከባለለ።
«ወደ ሰንሰለቱ!» የሚል ድምፅ ከኋላ አየለ።
ሳብን። ዳኛዋ ተሳደበች፤ እኔም ተከተልኩ፣
በሕይወቴ መጀመሪያ አፌን አረከስኩ።
ያቺ ዝምተኛ ልጅ ግን፣ ከፊት ቀድማ ቆማ፣
«አንድ፣ ሁለት፣ ሳቡ!» ድምጿ እዚያ ተሰማ።
መልህቁ ነክሶ ያዘ። ማንም እልል አላለም።
ተቀምጠን ሳቅን፤ ማን እንደጀመረ አላውቅም።

ሲነጋ፣ አጠገባችን ነጭ መርከብ ቆሞ፣
አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ፎጣ ተጠምጥሞ፣
ደጋግሞ ቆጠረን፣ ስምንት ጊዜ ሴት፤
«መሪያችሁ የታለ?» አለ፣ በፍጹም ቅንነት።
ቢንናዝ ሳትነሳ፣ የመሪውን እጀታ
እንደ ፈረስ አንገት መታ አድርጋ፣ መታ፣
«ይኸው፤ ወይራ ነው፣ አባቴ የጠረበው።
ወንድም ከፈለግህ፣ ስሙ ጎኗ ላይ ነው።»
ሰውየው አልገባውም። ሻይ ጋበዝነው፣ ጠጣ።
ሦስት ስኳር ጨመረ፣ አመስግኖ ወጣ።

አሁን ኤስኪሸሂር ነኝ። ዝናብ ነው። አምስተኛ ፎቅ።
የመዳፌ ቁስል ደርቆ ቀርቶታል ሊላቀቅ።
(መንታዎቹ፣ ሰምቻለሁ፣ ዳግም ተኳርፈዋል።
ቋጠሮው ጥሩ ነበር፤ እነሱ ግን ረስተዋል።)
የመጋረጃዬን ገመድ በዚያው አስሬዋለሁ፤
እህቴ ታገለችው፣ አቃታት።
እኔ ግን በአንድ እጄ፣ ሻይ በሌላው ይዤ፣
ስፈልግ እፈታዋለሁ።